ሜዳሊያው የቅጹ ነው

ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት፣ ማለትም የሕዋሳትን ዘረመል እንደ ማሽን ዕቃ እየገጣጠሙ አዲስ ሥራ የማስያዝ ሙያ፣ የራሱ የተማሪዎች ውድድር አለው፤ ይኸውም በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኮርስነት ተጀምሮ፣ በቀጣዩ ዓመት 5 ቡድኖች የተወዳደሩበትና ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቡድኖችን ፓሪስ ላይ የሚያሰባስበው አይጄም ነው። የሜዳሊያው ሕግ እጅግ ቸር ነው፤ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በደረጃ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ለወጣ ሳይሆን መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ስለሚሰጡ፣ የቡድኑ እውነተኛ ባላንጣ ሌላ ቡድን ሳይሆን መስፈርቱን ማሟላቱን የሚያሳይበት ቅጽ ነው።

ስለዚህም ኢ. ኮላይ የተባለው የቤተ ሙከራ ባክቴሪያ፣ አረንጓዴ እንዲያበራ ዘረመል ተጨምሮለት ሳለ ሳህኑ ላይ ጨልሞ ቢያድር፣ የሚያለቅስ የለም፤ ንድፍ፣ ግንባታ፣ ሙከራና ትምህርት በሚባለው የምሕንድስና ዑደት ውስጥ ውድቀቱ «ትምህርት» ተብሎ በክብር ይመዘገባልና። ትብብር ራሱ መስፈርት በነበረባቸው ዓመታት ደግሞ ቡድኖች መጠይቅ እየተላላኩ፣ አንዱ የሌላውን እየሞላ፣ ፍቅራቸውን በማስረጃ አስደግፈው ያቀርቡ ነበር።

ማን ምን እንደሠራ የሚዘረዝረው ቅጽ ካልተሞላ ነሐሱም አይገኝም፤ አማካሪውም፣ ገንዘብ የረዳውም፣ ፖስተር የነደፈውም በስማቸው ይሰፍራሉ። በየሃያ ደቂቃው እየተባዛ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ ያደረው ባክቴሪያ ብቻ፣ ቅጽ መሙላት ስለማይችል፣ ምስጋናው በማግስቱ በኦቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ማምከኛው ድስት ውስጥ ይፈጸምለታል።