አንዳንድ ነገር

ሹመት የሚሉት ነገር ወደ ሰው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለውጠው አንደበቱን ይመስለኛል፤ እኔም ከብዙ ዓመታት በፊት፣ አራት ሠራተኞች ብቻ ባሉት አነስተኛ ክፍል ላይ ሹም ሆኜ በተሰየምሁ ዕለት፣ እስከ ዋዜማው ድረስ ጨዋታ ከጀመረ ማብቂያ የማያውቀው አፌ በድንገት ተቈጥቦ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ቃሌ እንደ ጠቢባን ቃል አጭርና ምሥጢር ያዘለ ይሆን ዘንድ ቈረጥሁ። የአለቃ ግርማ የሚታወቀው በደብዳቤ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም በሚጽፈው ምሪት ነበርና፣ ከፊቴ የቀረበውን ወረቀት ሁሉ «ይታይ»፣ «ይታሰብበት»፣ ልቤ ደስ ባለው ቀን ደግሞ «አስፈላጊው ይፈጸም» እያልሁ እመራ ጀመር።

ይህችን የኋለኛይቱን ከሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር። አስፈላጊው ምን እንደ ሆነ አትናገርም፤ ማን እንደሚፈጽመው አትገልጥም፤ መቼ እንደሆነም አትወስንም፤ ስትነበብ ግን ታስፈራለች። አንድ ክረምት የቢሮው መስኮት መስተዋት ተሰብሮ፣ ዝናቡ በጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪና ላይ ይወርድ ስለ ነበር፣ ይጠገን ዘንድ ያቀረበችልኝን ማመልከቻ በዚህችው ቃል መራሁት። ማመልከቻው ከጸሐፊዋ ወደ መዝገብ ያዡ፣ ከመዝገብ ያዡ ወደ ንብረት ያዡ፣ ከእርሱም ወደ ተላላኪው ሲዞር ከርሞ፣ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አራት ፊርማ ተሸክሞ ወደ እኔው ተመለሰ። እኔም የገዛ እጄን ጽሕፈት ሳላውቀው ቀርቼ፣ «ራስና እግሩ የማይታወቅ ትእዛዝ የሚሰጥ ይህ ማነው?» ብዬ ተቈጣሁ። ጸሐፊዋ፣ እግዜር ይስጣት፣ ዝም አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ትእዛዝን ማድበስበስ ለአለቃ የጓሮ በር ነው፤ ነገሩ የሰመረ እንደ ሆነ «እኔ አዝዤ» ይላል፤ የከሸፈ እንደ ሆነ ደግሞ «እኔ መች እንዲህ አልሁ» ብሎ በዚያው ሹልክ ይላል። በሰምና ወርቅ ማደጋችንም ሰበብ ሆኖናል፤ ነገር ግን ቅኔ ለማኅሌት እንጂ ለመስኮት መስተዋት አልተሠራም። የአንዲት ግሥ ነገር ምን ያህል እንደሚያደርስ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ምስክር ነው፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ያለውን ኢጣልያኖቹ እንደ ግዴታ ቢይዙት፣ ክርክሩ ዐድዋ ላይ በጥይት ተቈረጠ። አፄ ምኒልክም ለዚያው ዘመቻ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝ ቀኑንና ስፍራውን ቈርጠው ነገሩ እንጂ «አስፈላጊው ይፈጸም» አላሉም፤ ቢሉ ኖሮ ሠራዊቱ እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት በነበረ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ የተረዳሁት በበግ ምክንያት ነው።

የሒሳብ መርማሪዎች በማግስቱ እንደሚመጡ በስልክ በሰማሁ ጊዜ አራቱን ሰብስቤ፣ «ነገ እንግዶች አሉብን፤ አንዳንድ ነገር አሰናዱ» አልሁና ግርማዬን እንደ ተጎናጸፍሁ ወደ ቢሮዬ ገባሁ። በልቤ ያሰብሁት የዓመቱ የወጪ ደረሰኝ በየተራው ተሰክቶ እንዲቈይ ነበር። «እሺ ጌታዬ» አሉ። የእኛ አገር «እሺ» ደግሞ እንደ መጽሐፍ አንድምታው ብዙ ነው፤ «ሰምቻለሁ» ይሆናል፣ «አሁንስ በሄዱልኝ» ይሆናል፣ «ምን እንዳሉ አልገባኝም፣ ብጠይቅ ግን እንደ ደፋር እቈጠራለሁ» ይሆናል።

በማግስቱ ብደርስ ጸሐፊዋ ጠረጴዛዬን በአበባ ሸፍናዋለች፤ ተላላኪው ወንበሮቹን ቀለም ቀብቷቸው ገና አልደረቁም፤ መዝገብ ያዡ ቤቱ ጽዱ ሆኖ እንዲታይ ደረሰኙን ሁሉ በሣጥን ቈልፎ፣ ቁልፉን እቤቱ ረስቶት መጥቷል፤ ከመዝገብ ቤቱ በር እጀታ ላይ ደግሞ አንድ ግንባረ ቦቃ ሙክት ታስሮ አበባዬን ያመነዥካል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም፣ ያውም ሳምንቱ ምኵራብ ነበር፤ ጌታችን በግና በሬ የሚሸጡትን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት በሚታሰብበት ሳምንት እኔ በግ ከመንግሥት ቤት አስገባሁ። ንብረት ያዡን ብጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ በጾም በግ ይረክሳል፤ ደግሞስ ዳቦ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ዳቦ ባሉ ነበር፤ እርስዎ ያሉት አንዳንድ ነገር ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ከመርማሪዎቹ ሽማግሌው መነጽራቸውን ወልውለው በጉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ተመልሰውም በጉን አዩና፣ «ይህ በየትኛው አርእስት የተያዘ ወጪ ነው?» አሉ። «በመስተንግዶ» አልሁ፤ ድምፄ ግን ከበጉ ድምፅ ያነሰ ነበር። ከደብተራቸውም ላይ «በግ፣ አንድ» ብለው ሲጽፉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ማታ ለባለቤቴ ብነግራት እስክትታክት ሳቀች። «እኔ ለተስካር ሃያ ሴት ሳዝ አንዳንድ ነገር ሥሩ ብል ምን ይበላ ነበር?» አለችኝ። «አንቺ ሽንኩርቱን አድቅቂ፤ አንቺ ውሃ ሳታስነኪ እስኪቀላ አቁላዪ፤ ቅቤውን ግን እኔ ካልመጣሁ ማንም እንዳይነካው እላለሁ። ከዚያ የጠየቀችኝን አልቈጣም።» ይህ የመጨረሻው ቃል ከሁሉ ይልቅ ከነከነኝ።

በጉ በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የተገዛ ንብረት ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ ማረድም ሆነ መሸጥ አልተቻለም። ስለዚህ፣ ትምህርቴን በሥራ ለማዋል፣ ይሸጥ ወይስ ለሻጩ ይመለስ፣ እስከዚያስ ድረስ የድርቆሹ ወጪ ከየት ይታሰብ ብዬ፣ አንዳች የሚያሻማ ቃል የሌለበት የአንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ ለበላይ አለቃዬ ጻፍሁ። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «አስፈላጊው ይፈጸም» ይላል።

አራቱን ሰብስቤ አነበብሁላቸው። «እሺ ጌታዬ» አሉ፤ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ግን አልነበረም፤ በጉ ብቻ አንድ ጊዜ ጮኸ።