ቀለሙን ሳታነብ አትፍረድ

«ይሄ ሁሉ ባንዲራ ምን ያደርጋል? ቀስተ ደመናው አይበቃም?»

አይበቃም፣ ወዳጄ። ጊልበርት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በእጅ ነክሮ የሰቀለው የመጀመሪያው የኤልጂቢቲ ሰዎች የቀስተ ደመና ባንዲራ ስምንት ቀለም ነበረው። ቀዩ ሕይወት፣ ብርቱካናማው ፈውስ፣ ቢጫው የፀሐይ ብርሃን፣ አረንጓዴው ተፈጥሮ ነው። ሁሉንም ያቅፋል፤ ስለዚህም እወደዋለሁ። ነገር ግን «ወንድነትም ሴትነትም አለብኝ» ወይም «ሁለቱም አይገልጹኝም» የሚል ሰው፣ ከስምንቱ መካከል «ይሄ የኔ ነው» ብሎ የሚጠቁመው አንድም መስመር አልነበረውም።

«ቀለም ምን ይናገራል? ቀለም ቀለም ነው!»

ቀለም ቀለም ብቻ ከሆነ፣ ለአራስ ጥየቃ ሮዝ ኮፍያ ይዘህ ሄደህ «ወንድ እኮ ነው» ሲሉህ ለምን ደነገጥክ?

«እሱማ ከጥንት የመጣ ነው፤ ሮዝ የሴት፣ ሰማያዊ የወንድ።»

ከየትኛው ጥንት? እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ልብስ ነጋዴዎች የሚታተም መጽሔት ተገላቢጦሹን ነበር የሚመክረው። ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለሴት ይሁን ይላል። ዛሬ የምትምልበት ልማድ የተደላደለው ከዚያ ወዲህ ነው። ነጋዴ የቀባውን ነጋዴ ሲገለብጠው ዝም ብለህ፣ ሰው ስለ ራሱ ቀለም ሲመርጥ መቆጣትህ ከየት መጣ?

«እሺ፣ ሁለቱንም ከሆኑ ሰማያዊና ሮዝ ቀላቅለው አይገላገሉም?»

ቀላቅለውታል። የአንድሮጂን ባንዲራ ተብሎ የሚታወቀው ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሦስት መስመሮች አሉት፤ ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ። ሐምራዊው የሁለቱ ድብልቅ ነው፣ ያየ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ለኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። መሐል ያለው ሰው በግራና በቀኝ ባሉት ጎረቤቶቹ ብቻ ተገለጸ፤ «ከሁለቱም አይደለሁም» የሚለው ደግሞ ደጅ ቀረ።

ማሪሊን ሮክሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀምረው፣ ሲያሻሽሉ ቆይተው በ2011 የጨረሱት የጀንደርኩዊር ባንዲራ ለዚህ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ከላይ ላቬንደር፣ ማለትም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ የሰማያዊና የሮዝ ቅልቅል ነው፤ የወንድነትና የሴትነት መገናኛ። ይህ ቀለም የመከራም ታሪክ አለው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረሙት ትእዛዝ ብዙ ግብረ ሰዶማውያን ከመንግሥት ሥራ የተባረሩበት ዘመን ዛሬ የሚጠራው «የላቬንደር ሽብር» ተብሎ ነው። መሐሉ ነጭ፣ ጾታ የለኝም ለሚል። ታችኛው ጠቆር ያለ ቢጫማ አረንጓዴ፣ ከሁለቱም ውጭ ለቆመ።

«አረንጓዴውን ደግሞ ከየት አመጡት?»

ከላቬንደሩ ተቃራኒ አወጡት። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ኮምፒውተር ቀለም የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ከ0 እስከ 255 እየመጠነ ነው። የላቬንደሩ ልክ ቀይ 181፣ አረንጓዴ 126፣ ሰማያዊ 220 ነው። እያንዳንዱን ከ255 ቀንስ፤ 74፣ 129፣ 35 ይመጣል። የባንዲራው አረንጓዴ ይኸው ነው። አሁን ሁለቱን መልሰህ ደምር፤ ሦስቱም 255 ሞሉ። ሙሉ ብርሃን፣ ነጭ! ነጩ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተዘርግቷል። «ውጭ ያለው» ያልከው ሰው ብርሃኑን ከሚሞሉት ሁለት ቀለሞች አንዱ ነው።

«ያ እኮ የእንግሊዝ ሴቶች ባንዲራ ነው! ሰረቋቸው!»

እ.ኤ.አ. በ1908 ለመምረጥ መብት የታገሉት ሴቶች ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ መያዛቸው እውነት ነው። የነሱ ሐምራዊ ክብር፣ ነጩ ንጽሕና፣ አረንጓዴው ተስፋ ነበር። ቀለሙ ይመሳሰላል፣ ትርጉሙ ሌላ ነው። ደግሞስ ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነጻ ስትወጣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ስትሰቅል እኛ «ተሰረቅን» ብለን ጮኽን ወይስ ደረታችንን ነፋን?

«የልጆች ሥራ!»

አዎ፣ ካይ ሮዋን የነን-ባይነሪ፣ ማለትም ራሳቸውን ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ አድርገው የማያዩ ሰዎችን ባንዲራ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያወጡ ገና 17 ዓመታቸው ነበር። ቢጫ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር። ቢጫው ከሮዝም ከሰማያዊም አይወለድም፤ ከሁለቱ ሚዛን ውጭ ላለ ሰው የተሰጠውም ለዚህ ነው። ነጩ ብዙ ጾታ ለሚሰማው፣ ሐምራዊው ለድብልቁ፣ ጥቁሩ ጾታ ለሌለው። የቀደመውን የሮክሲን ባንዲራ ለመሻር ሳይሆን ከጎኑ እንዲውለበለብ ነው የሠሩት። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከስንት አዋቂ ይገኛል?

ቢጫና ሐምራዊ ስታይ ሁሉን አንድ እንዳታደርግ ግን። በቢጫ ላይ ሐምራዊ ክብ ያለው ሞርጋን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ2013 አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩት የኢንተርሴክስ ሰዎች ባንዲራ ነው፤ የእሱ ጉዳይ ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አካል ተለይተው መወለዳቸው ነው።

«አንተ ታወራለህ፤ እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር ተሰቅሎ ባገኝ ምን እላለሁ?»

«ማን አስተማረ?» ብለህ አትጀምር፣ ወንድሜ። «ጎረቤት ምን ይላል?» ብለህም አትቀጥል። ወንበር ስበህ ተቀመጥና ጠይቅ፦ «ከአራቱ መስመር የልጄ የትኛው ነው?»