ሽሬ፣ 17 ሳንቲ ሜትር

ደብረ ወርቅ ላይ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መሥሪያ ይከፈት እላለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ተሰቅላ የምትኖር ናት። ጎጃምን በሦስት ወገን የከበበው አባይም ገደል ለገደል ስለሚሄድ ለመርከብ የሚሆን ውኃ አያበድረንም። ማዕበል የምናየው ጤፉ በነፋስ ሲተኛ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ እንቅፋት የሚመስለው የሙያውን ጠባይ ላላወቀ ነው። የማወራው ስለ ሞዴል ሰርጓጅ ነውና፤ እርሷ ውኃ አትነካም። ሐምቡርግ ትሠራ ኦሳካ፣ ወደብ ዳር ትሠራ ተራራ ላይ፣ ዕድሜዋን የምትጨርሰው መደርደሪያ ላይ ነው። በዚህ በኩል ከጀርመንና ከጃፓን እኩል ነን። በሌላ በምን በኩል እኩል እንደሆንን ቁጠሩና ንገሩኝ፤ ይህን ዕድል የሚያሳልፍ ሞኝ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰውየው አንድ ካርቶን ይገዛል። ሽፋኑ ላይ ሪቨል ወይም ትራምፔተር የሚል ስም አለ፤ ከስሙ በላይ ማዕበል ሰንጥቃ የምትወጣ መርከብ ተሥላለች፤ ውስጡ ግን ግራጫ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጩን ይለቅማል፣ ያጣብቃል፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ደፍኖ ያሸውን እንደገና ያያል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀርታለች። እንደገና ይደፍናል፣ እንደገና ያሻል። ከዚያ በኮምፕረሰር ቀለም ይነፋባታል። አማረች፣ አበራች፣ አለቀች ትላላችሁ። የሙያው ምሥጢር ገና መጀመሩ ነው። ያቺን አዲስ መርከብ አሁን ቁጭ ብሎ ያስረጃታል።

ዝገት ይቀባታል። ከየብሎኑ ሥር ቡናማ ጅረት ያወርዳል፤ ከወገቧ በታች የጨው ነጭ፣ ከጨው በታች የአልጌ አረንጓዴ ይስባል፤ ሞተሯ አጠገብ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ሞተር እንኳ የላትም። ስፔን አገር ኤኬ ኢንተራክቲቭና አሞ የሚባሉ ኩባንያዎች ዝገቱን በጠርሙስ፣ አቧራውን በዱቄት፣ ጭቃውን በብልቃጥ አሽገው ይሸጣሉ። አንድ ቀን ያልሠራ ዕቃ የ10 ዓመት ድካም በብሩሽ ይታደለዋል። ድካሙም በዳኞች ፊት ቀርቦ ይሸለማል።

እኛ ግን እንዴት ያለን ተላላዎች ነን! ቆርቆሯችን እንዳይዝግ አንቲረስት እየገዛን ስንቀባ ኖርን። ክረምት በመጣ ቁጥር ዋልካው ጫማ ሲያወልቀን ስናማርር፣ በጋ በመጣ ቁጥር የመኪና መንገዱ አቧራ ሲያለብሰን ስንረግም ኖርን። ለካ የረገጥነው ሁሉ ሸቀጥ ኖሯል። የእናርጅ እናውጋ ዋልካ፣ ተፈጥሯዊ፣ ቀለም ያልተጨመረበት፣ በብልቃጥ ታሽጎ ማድሪድ ቢገባ ጤፋችን ያላመጣውን ዶላር ያመጣል። ዝገቱንማ ከየቤቱ ክዳን በነጻ እንፍቀዋለን። የሚያሳዝነኝ ይህን የመሰለ ጥሬ ሀብት ይዘን የውጭ ምንዛሪ አጠረን ማለታችን ነው።

ማስመሰሉንም ቢሆን ከዜሮ አንጀምርም። በየአዳራሹ መግቢያ በመስታወት ሣጥን የቆመውን ማኬት ያላየ የለም። ዛፉ ከስፖንጅ ነው፣ ሐይቁ ከሰማያዊ ፕላስቲክ። አንዲት ጥፍር የምታህል ሴት ቦርሳ አንግባ ገና ያልተቆፈረ አስፋልት ትሻገራለች። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ማኬቱ እዚያው ይቀራል። የፈረንጅ ሞዴል ዕቃው ከኖረ በኋላ ይመጣል፤ የእኛው ዕቃው ሳይኖር ይቀድማል፣ ሲመቸውም ተክቶት ይኖራል። በልምድ እንበልጣቸዋለን ማለት ነው። የቀረን ዝገት መጨመር ብቻ ነው።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። ባሕር የሚሠራው በሶፍትና በኮላ ነው። ሳንቃ ላይ ፎም ይነጠፋል፣ ፎሙ በቢላ ይሸረሸራል፣ ሶፍቱ ኮላ ጠጥቶ ይጨማደድበታል። ሲደርቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ይቀባል፣ በላዩ ቫርኒሽ ይፈስሳል፣ የማዕበሉ ጫፍ ላይ ጥጥ ይለጠፋል። ገንዘብ ያለው በግልጽ ሬዚን ያደርገዋል፤ ሬዚኑ ሲጠጥር ሰርጓጇ ወደ ላይም ወደ ታችም አትል። የተመረጠችው ፍጥረት ደግሞ ለዚህ ጥበብ አትመችም። የሰርጓጅ ሙያዋ አለመታየት ነው፤ ከታየች ሞተች። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሰርጓጆች ሁሉ፣ የጀርመንም የሩሲያም፣ እፍረት በሌለው ሁኔታ ብቅ እንዳሉ ናቸው።

አገራዊ ባሕር ይሠራ የሚል ቢመጣ ስሌቱን አዘጋጅቼለታለሁ። በ2012 ዓ.ም. ባሕር ኃይላችን ዋና መቀመጫውን ባሕር ዳር እንደሚያደርግ ተነግሮ ነበርና ለዚያ ክብር ጣናን እንውሰድ። ሰርጓጅ ሠሪዎች በሚወዱት ልክ፣ እውነተኛውን ለ350 አካፍለን ማለት ነው፣ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ጣና 240 ሜትር ይሆናል። ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ስለሆነ እርሱ 4 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ከሁለት የኳስ ሜዳ የሚረዝም፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ባሕር! ለሶፍት ነጋዴ መልካም ዜና ነው።

ትክክለኛነት ላይ ግን ቀልድ የለም። በዚያ ልክ መርከበኛው ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አራት አምስት የጤፍ ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል እርሱን ያህላል። ለእርሱ ዓይን ይሣላል፣ ኮፍያ ይቀባል። የብረቱ ብሎን በአጉሊ መነጽር ይቆጠራል፤ አንድ ብሎን ያጎደለ ሰው በባልንጀሮቹ ፊት ቀና አይልም። ይህ ጥንቃቄ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ሳይቀር አስደንግጧል። እ.ኤ.አ. በ1961 የኑክሌር ሰርጓጆች አባት የሚባሉት አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር፣ ሪቨል የፖላሪስ ሚሳኤል ተሸካሚዋን ሰርጓጅ በ2 ዶላር ከ98 ሳንቲም አሻንጉሊት አድርጎ ምሥጢራችንን ለሶቪየት ቸረቸረው ብለው ተቆጥተዋል። ሰላይ በሚሊዮን የሚገዛውን ልጆች ከሱቅ በሙጫ ይገዙት ነበር።

እንግዲህ ብሎን ቆጣሪዎቹ ምን ያህል ያውቃሉ? ሁሉን ያውቃሉ። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ምሳሌው የእኛው ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ጣሊያን ከ1928ቱ ወረራ በኋላ 17 ሰርጓጆች በአንድ ንድፍ ሠርታ ባሕር ኃይሏን አጠናከረች። የክፍሉ ስም አድዋ ነው። ለእያንዳንዷም ስም ሲወጣ የአገራችን ካርታ ተዘርግቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ነገሌ፣ ደገሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። ከቀሩት አብዛኞቹ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ በታሪኳ እንዲህ ያለ የሰርጓጅ ብዛት በስሟ ተመዝግቦ አያውቅም። አክሱም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1942 ሜዲትራኒያን ላይ በአንድ ተኩስ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን መታች። መቀሌ ከምጽዋ ወጥታ ጦርነቱ በታወጀ ሳምንት ሳይሞላው ማቀዝቀዣዋ መርዝ ጋዝ አፍስሶ መርከበኞቿን አእምሮ አሳታቸውና ደሴት ላይ ወጥታ ተሰበረች። ጦርነቱ ሲያልቅ ከ17ቱ ያልሰጠመች አላጌ ብቻ ነበረች።

የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኮታውን ነው። ደሴ ደረሳት፣ ነገሌ ደረሳት፤ ደብረ ማርቆስ የለችም፣ ቢቸና የለችም፣ ሞጣ የለችም። የበላይ ዘለቀ አገር አንዲት ጀልባ እንኳ አጣ! አቤቱታ ከመጻፋችን በፊት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ቀርቷል። የጎጃም ድርሻ በእርሱ ሥር ተመዝግቧል፤ ሽሬ።

ሽሬ ከሁሉ የታወቀችው ናት። ጣሊያን አገር ላ ስፔዚያ ላይ የሠሯት፣ ቫሌሪዮ ቦርጌዜ ያዘዛት፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1941 እስክንድርያ ደጅ ላይ በቶርፔዶ ላይ የሚጋልቡ ስድስት ጠላቂዎችን አውርዳ ኩዊን ኤልሳቤጥና ቫሊያንት የተባሉትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያስመታች። ሞዴል ሠሪ ስሟን ሲሰማ እጁ ይንቀጠቀጣል። 60 ሜትሯ ለ350 ሲካፈል 17 ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን ያውቃል። የሚጋለቡትን ቶርፔዶዎች ለመሸከም መድፏ መነሣቱን፣ በምትኩ ሦስት በርሜል መሰል ሣጥኖች ጀርባዋ ላይ መታሰራቸውን ያውቃል። ቦርጌዜ ጠላትን ለማታለል ጎኗ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ጥላ ማሣሉን ያውቃል፤ የጥላው ቀለም ትክክለኛው ቀለም ስለመሆኑ ሁለት ሠሪዎች ዓመት ሙሉ ይኳረፋሉ።

ሽሬ ምን እንደሆነች ግን አይጠይቅም። ብሎን አይደለችማ።

የማይጠይቀው ይኸውላችሁ። በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ይዘው በእግር ሰሜን ወጡ። ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉና ላይ ግንባር ቀደሙ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ሳይቀር ማረከ። ከሳምንት በኋላ ተከዜ መሻገሪያ ላይ ከአውሮፕላን በርሜሎች ወረዱ፤ ራስ እምሩ ራሳቸው ኋላ እንደተናገሩት፣ በርሜሎቹ ያፈሰሱት ፈሳሽ የነካውን ሰው እጅና ፊት አቃጠለው። የካቲት 21 ቀን ሽሬ ላይ ውጊያው ተከፈተ፣ ጦሩ ተሰበረ፣ የተረፈው ወደ ተከዜ ሲወርድ አውሮፕላኖቹ መሻገሪያው ላይ ጠበቁት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይህ የጣሊያን ድል ላ ስፔዚያ ላይ ብረት ሆኖ ባሕር ገባ። ኋላ ብረቱ ፕላስቲክ ሆነ። አሁን በአንድ የተረጋጋ ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ የዝገቱ ጅረት ልኩን እንዳያልፍ በትንፋሽ እየደረቀ ነው።

መሥሪያው ደብረ ወርቅ ሲከፈት የሚሆነው ይታየኛል። አንድ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ።

«ልጄ፣ ይህች ምንድን ናት?»

«ሽሬ ናት፣ አባቴ።»

«ሽሬማ አያቴ ዘምተው የቀሩባት አገር ናት።»

«ይህች እንኳ ሰርጓጅ ናት፣ አባቴ። በጣም ትክክለኛ ናት፤ ብሎኗ አንድ አልጎደለም።»

«ታዲያ አያቴን የት አደረጋችኋቸው?»

ለዚህ ጥያቄ መመሪያ ወረቀቱ ላይ ቁጥር የለም። ክንፍ ሀ ከክንፍ ለ ጋር ይጣበቃል፣ መሪው በ23 ላይ ይገባል፤ አያት የሚገባበት ቀዳዳ አልተተወም። ሽማግሌው አልተማሩምና ይቅር እንበላቸው። የለመዱት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። የእኛ ሠዓሊ ቀይ ባሕርን ሲሥል ከዓሣው በፊት የሰጠሙትን ያስገባል፤ የፈርዖን ሠራዊት ራስ ራሳቸው፣ ፈረሶቻቸው ጭምር፣ በውኃው ውስጥ ተደርድረው ያፈጣሉ። ብሎን አይቆጥርም፣ የማዕበል ቀለሙም የትኛውም ባሕር ላይ የለም። ዮናስን ሲሥልም ሰው ያለበት ሆድ ይሥላል። በዓለም አቀፍ መለኪያ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሬዚን ውስጥ የሰጠመ ሰው አይታይም፤ ሬዚን ንጹሕ ነው፤ ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እኔም ለውድድር የምናቀርበውን የደብረ ወርቅ ሥራ አስቤዋለሁ። ስሙ «ሽሬ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1934 ዓ.ም.» ነው። ያን ቀን ሐይፋ ደጅ ላይ እንግሊዞች መቷት ከነመርከበኞቿ 33 ሜትር ወረደች። ስለዚህ ሳንቃ እናቀርባለን፤ በላዩ ሶፍት፣ ኮላ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ሽፋን ቫርኒሽ። ሌላ ምንም። ዳኞቹ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ሲዞሩ፣ መርከቧ የታለች ብለው ይጠይቃሉ። ከሥር ናት እንላቸዋለን፤ ሰርጓጅ አይደለችም እንዴ? ዝገቱስ ይሉናል። እርሱም ከሥር ነው፣ በጠርሙስ የመጣ አይደለም፣ ጊዜ ወስዶ ራሱ ዝጓል። ብሎን ለመቁጠር የፈለገ ዳኛ ካለ ሳንቃውን እንዲልጥ ፈቅደንለታል፤ የሶፍቱን ዋጋ ግን ከፍሎ ነው።