መንገድ ዘጋችሁ ላላችሁን

“መንገድ ዘጋችሁብን” አላችሁ። አዎ፣ እኛ ቤተ እስራኤላውያን ዘግተናል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2019 ከሃይፋ እስከ ቴል አቪቭ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ትልልቆቹ መገናኛዎች ላይ ተቀምጠን አምሽተናል። መኪናው ውስጥ ሰዓታት የፈጀ ሰው አለ፤ ልጅ ይዞ የተንገላታም አለ። ይህን የሚክድ የለም። ግን እናንተ ቤታችሁ የገባችሁት አምሽታችሁ ነው፤ ሰለሞን ተካ ከነጭራሹ አልገባም። ከዚያ ሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ምሽት፣ የሃይፋ ሰፈር በሆነችው ቂርያት ሃይም፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ወደቀ። አሥራዎቹን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። የዘገየና የቀረ አንድ አይደለም።

“ጥይቱ እኮ ነጥሮ ነው የመታው” አላችሁ። ይሁን። ባለሙያ መርምሮ አስፋልት ነክቶ መንጠሩን ተናግሯል፤ ከመርማሪ በላይ እናውቃለን አላልንም። የኛ ጥያቄ ጥይቱ አስፋልቱን ከመንካቱ በፊት ነው። ሽጉጡ ለምን ወጣ? ፖሊሱ ከቤተሰቤ ጋር መናፈሻ ነበርኩ፣ ወጣቶች ሲጣሉ አይቼ ገባሁ፣ ድንጋይ ወረወሩብኝ፣ ለሕይወቴ ሰጋሁ ብሏል። እዚያው የነበሩ ወጣቶች ደግሞ አደጋ ላይ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። የመሰከሩትን እንተወውና የፖሊስን ደንብ እንያዝ፤ ማስጠንቀቂያ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። አስፋልት ጥይት አይውጥም። ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም፤ ፖሊስ የሆነ ሰው ግን ሊያውቀው ግድ ነው።

“ምርመራው እስኪያልቅ ታገሡ” አላችሁ። ታገሥን። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፖሊስ ምርመራ ክፍል፣ ሁላችንም ማሐሽ የምንለው፣ በፌብሩዋሪ 2020 ክስ መሠረተ፤ ክሱ በቸልተኝነት ሞት ማድረስ ነበር። የሟቹን ስምና ፎቶ አገር ሲያውቀው የተኳሹ ስም እንዳይታተም ታገደ። በጁላይ 2023 የሃይፋ ፍርድ ቤት ለሕይወቱ ሰግቶ ራሱን ሲከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበተው። አራት ዓመት ሙሉ ታገሡ ስትሉ የታገሠን ሕዝብ፣ ዛሬም “ትዕግሥት የላችሁም” ልትሉት አትችሉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

“ችግር ካለ ፖሊስ ጥሩ” አላችሁ። የይሁዳ ቢያድጌ ቤተሰብ ጠርቶ ነበር። ሰለሞን በተገደለበት በዚያው በ2019፣ ጃንዋሪ 18፣ ባት ያም ውስጥ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ልጃቸው ቢላዋ ይዞ ከቤት ሲወጣ ጉዳት እንዳይደርስ ብለው ደወሉ። የመጣው ፖሊስ ቢላዋ ይዞ ሮጠብኝ ብሎ ተኮሰ፤ ልጁ ሞተ። በዚህች አገር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ልጅ ነበር። በጃንዋሪ 30 በሺዎች ሆነን የአያሎንን አውራ ጎዳና የያዝነው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ የጠየቅነው ቢሰማ ኖሮ፣ ከአምስት ወር በኋላ በሰለሞን ስም ሰልፍ መውጣት ባላስፈለገ ነበር ብዬ አምናለሁ።

“መጠርጠራችሁ ተፈጥሯዊ ነው” አላችሁ። ይህ የመንገድ ወሬ አይደለም። በ2016 የፖሊስ ዋና አዛዥ የነበሩት ሮኒ አልሼኽ በጠበቆች ጉባኤ ላይ፣ ስደተኞችና ወጣቶች በወንጀል ስለሚበዙ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ጥርጣሬው ቢያይል ተፈጥሯዊ ነው የሚል ሐሳብ ተናግረዋል። ኔታንያ ተወልዶ ኔታንያ ያደገ ልጅ ከየት ነው የተሰደደው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እዚህ ግን የተመነጠረው የተጠረጠረው ነው።

የጥርጣሬው ዋጋ ስንት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ፣ ማታ ልጇ ወደ ጓደኞቹ ሲወጣ በር ላይ የቆመችውን እናት ይስማ። “መታወቂያህን ይዘሃል? ኮፍያውን ከራስህ አውርድ። እጅህን ከኪስህ አውጣ። ፖሊስ ስታይ እንዳትሮጥ። ሦስት አራት ሆናችሁ ጥግ እንዳትቆሙ። ቢሰድቡህም ዝም በል፣ የኔ ጌታ፣ ዝም ብለህ ተመለስልኝ።” የጎረቤቷ ልጅ በዚያው ሰዓት በዚያው ደረጃ ይወርዳል፤ እናቱ “ጃኬት ደርብ” ብላው በሩን ትዘጋለች። ሁለቱም እናቶች ግብር ይከፍላሉ፤ ሁለቱም ልጆች በ18 ዓመታቸው ለውትድርና ይጠራሉ። ከዚህ በኋላ “ልዩነቱ የት አለ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ያዳምጥ።

“በአውሮፕላን አመጣናችሁ” ላላችሁን ረጅም መልስ አያስፈልግም። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት መምጣቱን ከማንም በላይ እኛ እናስታውሳለን፣ እናመሰግናለንም። ከዚያ በፊት ግን ወገኖቻችን በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ በሺዎች የሚቆጠሩት በመንገድና በካምፕ አልቀው ነው ኢየሩሳሌም የደረሱት። የአውሮፕላን ወንበር የልጅ ደም ማካካሻ አይሆንም።

“መኪና አቃጠላችሁ” ያላችሁት እውነት ነው፤ እሱን አልከላከልም። የተቃጠለው መኪና ባለቤት ጠላታችን አልነበረም፣ አንዳንዱም የኛው ለፍቶ አዳሪ ጎረቤት ነው። ፖሊስ በጁላይ 2 ምሽት 136 ሰው መያዙንና 111 ፖሊሶች መጎዳታቸውን ተናግሯል። ድንጋይ የወረወረ ወጣት ለሰለሞን አልጠቀመም፤ ወሬው ከሟቹ ወደ ጎማ ጭስ እንዲዞር ነው ያደረገው። ግን ይህን ስታነሡ አንድ ሰው አትርሱ። ልጁን የቀበረው የሰለሞን አባት፣ የሐዘኑ ሰባት ቀን እስኪያልቅ ሰልፉን ግቱት ብሎ ለመነ። ልብ በሉ፣ አገር ያረጋጋው ለቅሶ ላይ የተቀመጠ አባት ነው። ማረጋጋት ደመወዝ ከሚከፈለው ሰው ነበር የሚጠበቀው።

“እሺ፣ ጩኸታችሁ ምን አመጣ?” አላችሁ። ይኸኛው ጥያቄ ደግ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። በ2015 ሆሎን ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ ካሜራ ያዘው። ወጣቱ አደባባይ ወጣ። መንግሥት የሚሰማው ሰው ሲያጣ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ሽማግሌዎቻችን ሲናገሩት “ማጋነን ነው” የተባለው መድልዎ በመንግሥት ወረቀት ላይ ተጻፈ። ከሰለሞን በኋላ ደግሞ፣ ጠበቃ የተባለው ድርጅትና ሌሎች ያቀረቡትን አቤቱታ የሰማው ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2021፣ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ መታወቂያ አምጣ ሊል እንደማይችል ወሰነ። ኮሚቴው ያለ ሰልፍ አይቋቋምም ነበር፤ አቤቱታውም ያለ ሰልፍ ጆሮ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። መንገድ የዘጉት ልጆች ሌላ ያስገኙት ባይኖር እንኳ ይህ ይበቃቸዋል።

ወላጆች፣ ልለምናችሁ። ይህ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ በዕብራይስጥ ተጽፎ መዝገብ ቤት እንዳይቀር። ማታ ልጃችሁን “አትሩጥ፣ ዝም በል” ብላችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም ንገሩት። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እጁን ሳያወናጭፍ፣ “በምን ጠረጠርከኝ?” ብሎ ይጠይቅ። የፖሊሱን ስምና መለያ ቁጥር ይያዝ፤ እናንተም በማግስቱ አቤቱታውን ይዛችሁ ሂዱ። መጠየቅ ልጃችሁ በፍርድ ቤት ያገኘው መብት ነው።