ነፍስ በቅርጫ

እምነትን ለወዳጅ ማካፈል ድሮ አድካሚ ሥራ ነበር። ፊልጶስ በጋዛ በረሃ ከጃንደረባው ሠረገላ ጎን ሮጧል፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠይቆ፣ አብሮት ተቀምጦ ኢሳይያስን አስረድቶታል። ኦነሲሞስ ነሲብማ ያሳዝናል። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ዓመታት ቃል ሲለቅም ኖሮ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተሟልቶ የታተመለት በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ቀላሉን መንገድ፣ ሰንጋ መጣልን፣ አለማሰባቸው ይገርመኛል።

እኛ አስበነዋል። ከአስኮ አለፍ ብሎ ቡራዩ፣ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ፤ ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢገቡም ለአዲስ አበባ ሰው ዛሬም ቦታ የተገዛባቸው፣ ቤት የተሠራባቸው፣ ለዓመት በዓል በሬ የሚፈለግባቸው ናቸው። ግቢው ሰፋ ያለ ነው። አጥሩ ሥር ጥላ አይጠፋም። ጎረቤቱም የተመረጠ ነው፤ በቀኝ ኦርቶዶክስ፣ በግራ ጴንጤ፣ ፊት ለፊት ሙስሊም፣ ከጀርባ ዋቄፈና የሚከተል አባወራ። ለሚሰብክ ሰው ከዚህ የተመቸ ሰፈር የት ይገኛል? መጋበዝ ብቻ ነው። እነሱ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ያያሉ፤ እምነታችን በራሱ ጊዜ ይገባቸዋል።

የፋሲካ ቅርጫ ኮሚቴ የሚቋቋመው በሁዳዴ ነው። 55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚከለክለው ጾም ስለ ሥጋ ረጋ ብሎ ለመወያየት ምን ያህል እንደሚመች የቀደሙት አባቶች ልብ ያሉት አይመስለኝም። ሰብሳቢ አለን፣ ገንዘብ ያዥ አለን፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የግሩፑ መለያ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ነው፤ ከሥሩ የሚለጠፈው የበሬ ፎቶ ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ ሌላው ሻኛው ጎልቶ እንዲታይ ትንሽ ከኋላ። በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ስልኩን ዘግቶ ሲሰግድ ይውላል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ግሩፑ እንደዚያ ሳምንት የሚሞቅበት ጊዜ የለም። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡ በላብ ተጠምቆ እየሰገደ ሳለ፣ "ወንድሞች፣ ጨጓራው የማን ነው?" የሚል መልእክት ገብቶ ብዙ መልስ አግኝቷል።

"ዋናው ፍቅሩ ነው" ይላል ሰብሳቢያችን። "ሥጋው ሰበብ ነው። ወዳጆቻችሁን ይዛችሁ ኑና ሃይማኖታችንን ይዩት።"

አዩት። ቡራዩ ውስጥ ፋሲካ ማለዳ በሬው ተጥሎ፣ ተገፎ፣ ሥጋው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ በየመደቡ ተደልድሏል። ዕጣ ሊጣል ነው። አንዱ የመኪና ቁልፉን ሰጠ፣ አንዱ የቢራ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር፤ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሕፃን ከጓሮ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያኖር ጀመር። እንዲህ ያለ ጸጥታ በቅዳሴ ጊዜም አላየሁም። ቆርኪው ዳቢት ካለበት መደብ ላይ ሲያርፍ ባለ ቁልፉ ፊቱን አዞረ። ያ ሕፃን የዚያን ቀን ስንት ሰው እንዳስቀየመ አያውቅም።

የግቢው ባለቤት የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን ጠርቷል። ሴትዮዋ ሙስሊም ናት፤ ልጇን ይዛ፣ ስኳርና ቡና ቋጥራ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ መጥታለች። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቁርጡ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበ።

"ብይ እንጂ! ምነው?"

"የእናንተ እርድ እኮ ነው" አለች ፈገግ ብላ።

ባለቤቱ ግንባሩን መታ። "ውይ! ረስቼው! በቃ ተይው፣ ዶሮ ወጡ ይምጣላት!"

ዶሮዋንም ያረዳት እሱ ነው።

እናትየው ከጓዳ ብቅ አሉ። "አንተ ልጅ፣ ምነው ትናንት ብትነግረኝ? በጉን ሳናስነካ ባቆየንላት፤ የራሷ ሰው መጥቶ ባረደላት። ድስትም ለብቻው ነበረኝ።" እኚህ እናት ኋላ ቀር መሆናቸውን ከንግግራቸው መረዳት አያዳግትም። በእሳቸው ዘመን በጉ ከነነፍሱ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ጎረቤትም ባርኮ ያርዳል፣ ሰሐኑ ሳይነካካ ሁለቱም ቤት ይበላል። ይህ ሁሉ ሲሆን "ሃይማኖቴን እያካፈልኩ ነው" የሚል ሰው አልነበረም። ኮሚቴም አልነበረም።

ሴትዮዋ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ይዛ ተቀመጠች። ጨዋ ሰው ናትና ወሬ ልትጀምር፣ "ሌሊቱን እንዴት ነው የምታከብሩት? ቆማችሁ ነው የምታድሩት ይባላል" አለችው።

"አዎ፣ ሌሊቱን…" አለና ዙሪያውን አየ። "እኔ እንኳን በሬው ጋ ነበርኩ።"

ጥያቄው በዚሁ ተዘጋ። ትንሣኤን የሚያህል ነገር ለመጠየቅ ከሩቅ የመጣች ሰው፣ ስለ በሬው ዕድሜ፣ ስለ ነጋዴው ተንኮልና ስለ ሞራው ብዛት ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቷት በፌስታል ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ልጇ ጥሩ ተጫውቷል።

ስለ ቅዱሳን ደግሞ በሳጥን እናስተምራለን። ለዚህ ሰበታ የታደለች ናት፤ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ መገኛ ነች። ፋብሪካውን በ2012 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ዲያጆ ከመንግሥት ገዛው፤ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ወደ ቢጂአይ ዞረ። በሁለቱም ሽያጭ ስሙ አብሮ ተላልፏል። አቦ የምንላቸው ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገድላቸው እንደሚለው፣ የእናታቸውን ጡት እንኳ ሳይቀምሱ፣ እህል ውኃ ሳይሉ፣ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር የኖሩ ናቸው። በመብል በመጠጥ ከማይታሙት ቅዱሳን ሁሉ እሳቸውን መርጦ በጠርሙስ ላይ መለጠፍ የሚጠይቀውን ድፍረት አስቡት። ሰማዕቱ ጊዮርጊስም ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከነፈረሱና ከነዘንዶው መጠጥ ቤት ውስጥ ናቸው። አንድ ዋቄፈና የሚከተሉ አዛውንት በዓል ላይ ተጋብዘው፣ "እኚህ አቦ ማን ናቸው?" ብለው ቢጠይቁ፣ ከመሐላችን አንዱ "ለስለስ ያለ ነው፤ ጊዮርጊስ ነው የሚከብደው" ብሎ አስረድቷቸዋል። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸው ይሆናል።

ጥምቀትን ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ካሰፈረልን ወዲህማ ማስረዳት ራሱ ቀርቷል፤ "ተመዝግቧል እኮ" ማለት ይበቃል። ሱሉልታ ላይ የከተራ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ታቦቱ ባደረበት ድንኳን ዙሪያ የሚያድሩት ካህናቱ፣ ዲያቆናቱና ጋቢያቸውን የተከናነቡ አሮጊቶች ናቸው። እኛ ጓደኞቻችንን ይዘን የምንደርሰው በማግሥቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ለፎቶ ሲመች ነው። ቲሸርታችን አንድ ዓይነት ነው፤ ደረቱ ላይ መስቀል፣ ጀርባው ላይ ጥቅስ፣ ከጥቅሱ ሥር የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር። ታቦቱ ፊት ቀዩን ምንጣፍ እየጠቀለሉ፣ ተሸክመው እየሮጡ፣ እንደገና የሚዘረጉትን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አይታችኋል? ጫማቸውን አውልቀው፣ አቧራ ለብሰው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ነው። (እነሱ ላይ ሽሙጥ የለኝም፤ ምላሴም እሺ አይለኝም።) እኛ ግን ምንጣፉ ላይ እየቆምን ጓደኛችንን "እዚህ ጋ ቁም፣ ታቦቱ ከኋላህ ይግባ" እንለዋለን። ጓደኛችን ስለ ጥምቀት የሚያውቀው ጠዋት ስንሄድ ከሚያውቀው ምንም አልጨመረም፤ ፎቶው ግን በጣም ያምራል።

ጴንጤ ወንድሞቻችን በዚህ ሁሉ ሲስቁብን ሰምቻለሁ። እነሱ ሰንጋ ሳይጥሉ በራት ብቻ ነው የሚሠሩት። የገና ፕሮግራም ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ አባል ወዳጁን ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል፤ "ራት አለ" ይባላል። መድረኩ ላይ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ጥድ ይቆማል፤ ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ይነሰነሳል፣ በረዶ ነው ተብሎ። ሱሉልታ የምታውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ቤተልሔምም በጥጥ አትታወቅም፤ ግን ፊልም ላይ እንዲህ ነው ያየነው።

ራቱ የሚቀርበው ከስብከቱ በኋላ ነው። ስብከቱ የሚያልቀው መዝሙሩ ሲያልቅ ነው። መዝሙሩ ደግሞ አያልቅም። ከመጋረጃው ጀርባ የወጡ ሽታ እየመጣ፣ ሰባኪው ሰው ሁሉ ዓይኑን እንዲጨፍን አዝዞ፣ "ዛሬ ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ" ይላል። አንድ ከቡራዩ የመጣ እንግዳ እጁን አነሳ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፣ ወደ መድረክ ተወሰደ፣ ስሙና ስልኩ በአዳዲስ ነፍሳት መዝገብ ተጻፈ። ሰውዬው ሊጠይቅ የነበረው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ሁለት ወንድሞች በየሳምንቱ እየደወሉ ክትትል ያደርጉለታል፤ እሱም ይሉኝታ ይዞት "እየጸለይኩበት ነው" ይላቸዋል።

ወደ እኛው ልመለስ፤ የጽዋ ማኅበራችንን ሳላነሳ ባልፍ ይቀየሙኛል። ማኅበር ማለት ድሮ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ዳቦና ጠላ ተዘጋጅቶ፣ ጸሎት ተደርሶ፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት፣ ነዳያን የሚበሉበት ነበር። እኛ አሻሽለነዋል። ሰበታ ውስጥ አዳራሽ እንከራያለን፣ ምግቡን አዘጋጅ ድርጅት ያመጣል፣ ዲጄ አለ። ልብሳችን ከአንድ ጥለት የተቆረጠ ነው፤ ጥለቱን መምረጥ ብቻ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። በየማኅበሩ የሚነገረውን ታሪክ አባታችን ይነግሩናል፤ ጌታ በነዳይ አምሳል፣ ልብሱ ነትቦ፣ ገላው ቆስሎ ወደ ማኅበርተኞች መምጣቱን። ታሪኩን በጣም ስለምንወደው እንባ የሚተናነቃቸው አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሊመጣ እንደሚችል ካወቅን በኋላ ግን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም፤ በር ላይ ዘበኛ ቀጥረናል።

እዚያው ሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ጠባባት ገዳም አለ። መነኮሳይያቱ ወላጅ ያጡ ልጆች ያሳድጋሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጸልያሉ። የጋራ ቲሸርት የላቸውም። የዓመት በዓል እንግዶቻችንን ወደዚያ እንውሰድ ያለ ሰው ነበር፤ መኪና ማቆሚያው አይመችም ተብሎ ቀረ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ተናግሮ የማያውቅ አባል እጁን አወጣ። ሉቃስ ምዕራፍ 14ን አንብቦ መጥቷል። ጌታ እዚያ ላይ፣ ድግስ የሚደግስ ሰው ወዳጆቹን፣ ዘመዶቹንና ብድር የሚመልሱለትን ሀብታም ጎረቤቶቹን ሳይሆን ድሆችን፣ አካል ጉዳተኞችንና ዕውራንን እንዲጠራ ይናገራል፤ እኛ ደግሞ የምንጠራው ነገ የሚጠሩንን ነው አለ። ቀጥሎም፣ "የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እዚሁ ነው፤ ዘንድሮ አንድ በሬ ለእነሱ ብናደርገውስ?" ብሎ ተቀመጠ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "በጣም መንፈሳዊ ሐሳብ ነው፣ ወንድማችንን እግዚአብሔር ይባርክልን" አለ። አጨበጨብን። ገንዘብ ያዡ "የመደቡን ሒሳብ ማን ነው የሚከፍለው?" ሲል ጠየቀ። አንዲት እህት ልጆቹ ሕዝብ ሲበዛ እንዳይጨናነቁ መታሰብ አለበት አለች። ሌላው ሐሳቡ በጥናት ይታይ አለ። በመጨረሻ ጸሐፊው፣ "ሐሳቡ ምስጋና ተችሮት፣ ከፍልሰታ በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ ተላልፏል" ብሎ በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። የዘንድሮው ፋሲካ የሚውለው በሚያዝያ እንደነበር ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ገባን። ሻኛው በዕጣ ይውጣ ወይስ በመሐላችን በጨረታ ይሸጥ የሚል ነበር። ስምንት ሰው ተናግሮ፣ ሁለቱ ተቆጥተው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በድምፅ ብልጫ በጨረታ እንዲሆን ተወሰነ።