ማሽኑ የት ይጩህ?

ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ከሁለት ጥያቄ አያመልጥም። አንደኛው «ቡና ይዘህ መጣህ?» ነው። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቀው፦ «ጣልያን የቀበረው ወርቅ የት አካባቢ ነው?» የመጀመሪያውን በአንድ ኪሎ ቡና እገላገለዋለሁ። ሁለተኛው ግን ዘንድሮ ማሽን ይዞ ቤቴ ገባ። የእህቴ ልጅ ከጓደኛው የተዋሰውን ዲቴክተር ሶፋዬ ላይ አጋድሞ «ጋሼ፣ የአገሩ ሰው አንተ ነህ፤ ጥሩ ቦታ ብቻ ጠቁመኝ» አለኝ።

ሳንቲም የሚወድቀው ሰው በሚጋፋበት ነው፤ እንግዲህ የድሮው ሂርማታ ገበያ ይሁን። በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ይጎርፍበት ነበር። ግን ያኔ ከሚገበያዩበት አንዱ አሞሌ ጨው ነው። የወደቀ አሞሌ ደግሞ ብዙ ክረምት ሳይቆይ ሟሙቶ አዌቱ ወንዝ ገብቷል። ማሽን ለጨው አይጮህም። የሚቀረን ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ ነው፤ 28 ግራም የሚመዝን። ያን የሚያህል ብር ጥሎ፣ ሳይፈልግ ቤቱ የሚገባ የጅማ ነጋዴ ካለ አሳዩኝ። ቢገኝም ዕድሜውን አይናገርም፤ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ የትም አገር፣ መቼም ይመታ፣ የተጻፈበት ያው የሞተችበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ 1780። ዛሬ እዚያ የሚጮኸው ቆርኪና ምስማር ነው።

«ቡና ውስጥስ?» አለ። ማና ሄድን ጎማ፣ ቡናችን የተመቸው ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በብረት ዝገት ነው። እዚያ መሬቱ ራሱ ማሽኑን ያስጮኸዋል። አጋሮ ድረስ ተሳፍሮ፣ አፈር ውስጥ ብረት አለ ተብሎ መመለስ!

«የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትስ?» ጅሬንን ተዋት። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ያስታውቅ ይላል።

ይሄኔ «እንግዲያው ፈረንጅ አራዳ፣ የጣልያን ቤቶቹ ጋ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ጣልያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መዲና አድርጎ የቆየው አምስት ዓመት አይሞላም፤ ሰኔ 1933 ከተማዋ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች። አገር ሊወስድ የመጣ ሰው በየትኛው ቸርነቱ ነው ወርቅ አስቀምጦልን የሄደው? ወራሪያችንን ባንክ አደረግነው እኮ! ትቶት የሄደው ቤት ነው፤ ያም ሳይቀበር፣ ፊት ለፊት ቆሞ። የማውቀው አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የሚመታለት ጠፋ፤ ወለሉን ለመፈንቀል ግን ዶማ ያጣ የለም። ሲቆፍሩ ያገኙትም ሌላ ወለል ነው።

ልጁ እስክጨርስ አዳመጠኝና «ታዲያ ከጓሮህ ልጀምር?» አለ።

ምን ይባላል? ልክ ከቡናው ሥር ማሽኑ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የበር ማጠፊያ ወጣ። ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «ብቻህን እንዳትበላ!» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ጉድጓዱን ስታይ «ከተቆፈረ አይቀር አቮካዶ እንትከልበት» አለች። አቮካዶ ሲያድግ ጥላው እስከ መስኮቱ ይደርሳል፤ እኔ ብርቱካን ነው ያልኩት። ልጁ አቮካዶ አለ፤ ማን ጠየቀው?