«እንደውልላችኋለን» እስከ መቼ?

ሐረር ተቀምጠን የኔትወርክ ኢንጂነርነት ሥራ የምንፈልግ ሰዎች ምሬታችንን ለማን እንደምናሰማ ግራ ገብቶናል። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሲያወጡ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማግኘት ብርቅ ነው። ልምዱን ማን ሰጥቶን? ቀጥሎ ደግሞ «ሲሲኤንኤ ያለው ይመረጣል» ይላል። የዚህ የኔትወርክ ሙያ ምስክር ወረቀት የፈተና ክፍያ 300 ዶላር ነው። ሥራ አጥ ዶላር ከየት ያመጣል?

ማጣሪያውን ላለፈ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አለ። በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ የቤቱ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ሙቀት ይከላከላል፣ ኔትወርክም አብሮ ይከላከላል። ስለዚህ ኮታችንን ለብሰን፣ ላፕቶፓችንን ታቅፈን ፈረስ መጋላ አደባባይ ዋይፋይ ወዳለበት ካፌ እንወጣለን። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከጎን በጫት ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎች። «ጸጥ ያለ ቦታ ነህ አይደል?» ይላሉ ጠያቂው። «አዎ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ኦኤስፒኤፍ ስለሚባለው የራውቲንግ ፕሮቶኮል ማስረዳት ስንጀምር መብራት ይጠፋል፤ ዋይፋዩም ይከተለዋል። በስልካችን ዳታ ተሯሩጠን ስንመለስ «ኮኔክሽንህ ያስቸግራል» እንባላለን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ጥያቄዎቹማ ሁሌም ያው ናቸው። በ192.168.10.0/26 ስንት መሣሪያ ይገናኛል? 62። አድራሻው 64 ነው፤ የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው የብሮድካስት ስለሆነ ሁለቱ ይቀነሳሉ። የኦኤስአይ ሰባት ንብርብሮች? ከእንቅልፋችን ብትቀሰቅሱን እንዘረዝራቸዋለን። የመንገድ ቁፋሮ ፋይበር በጥሶ ከተማው ኔትወርክ ሲቋረጥበት ምን ታደርጋለህ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ኦቲዲአር የሚባለውን መሣሪያ ሰክተን፣ ብርሃን ልከን፣ ነጸብራቁ ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜ የተበጠሰበትን ርቀት እንደምናወጣ ብንናገር ደስ ባለን።

ይህንንም ያለፈ «ለመጨረሻው ዙር አዲስ አበባ በአካል ቅረብ» ይባላል። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለትራንስፖርት ብድር፣ ለማደሪያ ዘመድ ማስቸገር አለ። ደርሰን የምንጠየቀው ያንኑ ንብርብር ነው። አንዱ ጠያቂ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላዋ ሲቪያችንን ገና ያኔ ታነባለች። ሲያበቃ «ጨርሰናል፣ እንደውልልሃለን» ይሉናል።

አይደውሉም። ሳምንት ይሄዳል፣ ወር ይሄዳል። በማናውቀው ቁጥር በተደወለ ቁጥር ከምግብ እንነሳለን፤ የተሳሳተ ሰው ሆኖ ይገኛል። ስንደውል «ኤችአር ያሳውቃችኋል» ይሉናል። ቤተሰብ «ምን አሉህ?» ሲል የምንመልሰው ጠፋን።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር የተዘረጋው በአዲስ አበባና በሐረር መካከል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መስመር ጠፋ የሚል ሰበብ እንግዲህ አይሠራም።

እናንት ቀጣሪዎች፣ ሁላችንንም ቅጠሩን አላልንም። ካልመረጣችሁን «አላለፍክም»፣ «አላለፍሽም» በሉን። አንድ አጭር መልእክት ይበቃናል። አገር እናገናኛለን ለምትሉ ሰዎች ይህ ከባድ አይደለም።